የሞት ምስክር ወረቀቱ ከልደት መዝገቡ ሲጋጭ

ጥያቄ፦ «የቅድመ አያቴን የሞት ምስክር ወረቀት ቅጂ ከመንግሥት መዝገብ ቤት አወጣሁ። በኖቬምበር 1931 በ70 ዓመታቸው እንደሞቱ ይናገራል። የአባታቸው ስም ተሞልቷል፤ በእናታቸው ስም ቦታ ግን ‹አይታወቅም› ተብሏል። በትውልድ ቦታ ላይም አገሩ እንጂ ከተማው አልተጻፈም። አስመዝጋቢው የልጃቸው ባል ናቸው። በሌላ በኩል የእሳቸውም የአባታቸውም ስም የሚገጥም የልደት ምዝገባ አግኝቻለሁ፤ እሱ ግን የማርች 1856 ነው። በዚህ ከሄድን ሲሞቱ 75 ዓመት ሞልቷቸው ነበር። የሞት ወረቀቱ የመንግሥት ማኅተም ስላለበት እሱን ልመን? ከሞት መዛግብትስ ሌላ ምን ማግኘት እችላለሁ?»

ምላሽ፦ መቼና የት ሞቱ ለሚለው የሞት ወረቀቱን ይመኑት። መቼ ተወለዱ ለሚለው ግን ብቻውን አይበቃም። የልደት ምዝገባውንም ቢሆን ለጊዜው በዘር ሐረግ ሰንጠረዥዎ ላይ አያስፍሩት። በ1856 የተወለደው ሕፃን ቅድመ አያትዎ ስለመሆኑ እስካሁን በእጅዎ ያለው የስም መመሳሰል ብቻ ነው። ሁለቱም ወረቀቶች ትክክል ሆነው ስለ ሁለት የተለያዩ ሰዎች የሚናገሩበት ዕድል አለ፤ ወደዚያ በኋላ እመለሳለሁ።

በመጀመሪያ ማኅተሙ። ማኅተሙ የሚያረጋግጠው በእጅዎ ያለው ቅጂ በመዝገቡ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ነው። የክብር መዝገብ ሹሙ የነገሩትን ጻፈ፤ ሟቹን በሕይወት አይቷቸው ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ የሞት ወረቀትን በአንድ ገጽ ላይ የተሰበሰበ የብዙ ሰዎች ቃል አድርገው ያንብቡት። የሞቱን ምክንያት የሰጠው ሐኪሙ ነው። የቀብሩን ቀንና ቦታ የሚሞላው ብዙውን ጊዜ ቀብር አስፈጻሚው ነው። የምዝገባው ቀንና ቁጥር የሹሙ የራሱ ነው። የቀረው፣ ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የትውልድ አገር፣ የወላጆች ስም፣ ከአስመዝጋቢው አፍ የወጣ ነው። እኔ አንድ የሞት መዝገብ ሲደርሰኝ ከሟቹ ስም ቀጥዬ የማየው የአስመዝጋቢውን መስመር ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው እያንዳንዱ ቃል ምን ያህል እንደሚመዝን የሚታየኝ።

አማች ስለ ሚስቱ አባት ምን ያውቃል? በየዕለቱ ያየውን በደንብ ያውቃል፤ ሥራቸውን፣ የሚኖሩበትን ቤት፣ ባለቤታቸው በሕይወት መኖር አለመኖራቸውን። እሱ ከመወለዱ በፊት፣ ምናልባትም በሌላ አገር የሆነውን ግን የሚያውቀው በወሬ ነው። የትውልድ ቦታው በአገር ስም ብቻ የታለፈውም ለዚህ ይመስለኛል። «አይታወቅም» የሚለው ቃል ቅር አያሰኝዎት። እንዲያውም እኔ ሳየው ደስ ይለኛል፤ የማያውቀውን አላውቅም ያለ ሰው አውቃለሁ ያለውን በከንቱ እንዳልተናገረ ያሳያልና። ስለዚህ የአባትየው ስም በዚህ ወረቀት ላይ ክብደት አለው። የሚያስቸግረው በሐዘን መሐል ሲጠየቅ ባዶ ቦታ ላለመተው ያገኘውን ስም የሚሰጥ አስመዝጋቢ ነው። የሟቹን ሚስት የአባት ቤት ስም በእናቱ ስም ቦታ ማስገባት በእንዲህ ያለ ጊዜ በተደጋጋሚ የሚታይ ስሕተት ነው። በሌሎች ዘመዶችዎ መዝገብ ላይ እናትና ሚስት አንድ የቤተሰብ ስም ይዘው ካገኙ ቆም ብለው ይጠርጥሩ።

ከአስመዝጋቢው ስም አጠገብ ፊርማ ነው ወይስ ምልክት ያለው? በድሮ መዝገቦች ላይ መጻፍ የማይችል ሰው የመስቀል ምልክት ያደርጋል፤ ሹሙም «የእሱ ምልክት» ብሎ ይጽፍበታል። ምልክት ያደረገ ሰው ሹሙ የጻፈውን አንብቦ ማረም አይችልም ነበር። እንዲህ ባለው መዝገብ ላይ የስም አጻጻፍ ቢለያይ ሌላ ሰው ነው ብለው አይጣሉት፤ የሹሙ ጆሮ የሰማው ነው።

አሁን ወደ ዕድሜው። 70 ክብ ቁጥር ነው፤ እኔን ያሳሰበኝም ይኸው ነው። ዕድሜውን በትክክል የማያውቅ ሰው በዜሮ ወይም በአምስት ወደሚያልቅ ቁጥር ያዘነብላል። የሥነ ሕዝብ ባለሙያዎች ይህን ዝንባሌ የሚለኩበት የዊፕል መለኪያ የሚባል ስሌት አላቸው፤ ከ23 እስከ 62 ዓመት ካሉት ሰዎች ውስጥ በዜሮና በአምስት የሚያልቅ ዕድሜ የተናገሩት ከሚጠበቀው በምን ያህል እንደሚበልጡ ያሰላል። ሰው ስለ ራሱ ሲጠየቅ እንዲህ ከሆነ፣ ስለ አማቱ ሲጠየቅማ ይብሳል። ስለዚህ «70» የሚለውን «ሰባዎቹ ውስጥ የገቡ ሽማግሌ» ብለው ቢረዱት ይሻላል፤ 75ም በዚያ ውስጥ ይገባል። ወረቀቱ «75 ዓመት ከ8 ወር ከ3 ቀን» ቢል ኖሮ ሌላ ነገር ነበር፤ አንድ ሰው የልደት ቀኑን ያውቅ ነበር ማለት ነው። እዚህም ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። የልደት ቀንንም ዕድሜንም የሚጠይቁ ቅጾች አሉ፤ አንዱ ከሌላው ተቀንሶ ወይም ተደምሮ የተሞላ ሊሆን ስለሚችል የሁለቱ መስማማት አዲስ ማስረጃ አይሆንም።

የመቃብር ድንጋዩና የጋዜጣው የሐዘን ማስታወቂያም እንዲሁ ናቸው። «ሦስት ምንጭ አንድ ዓመት ተናገሩ» ብለው የሚጽፉልኝ ሰዎች አሉ፤ ሦስቱንም በዚያው ሳምንት የተናገረው ያው አማች ወይም ያቺው ልጅ ሆና ትገኛለች። ምንጮችን ሲቆጥሩ ወረቀቱን ትተው ተናጋሪውን ይቁጠሩ።

አገሩን አልጠቀሱልኝም። ይህ ትልቅ ልዩነት ያመጣል፤ መዝገቡ የሚነግርዎት ቅጹ የጠየቀውን ብቻ ነውና። በእንግሊዝና በዌልስ የመንግሥት ምዝገባ የተጀመረው በጁላይ 1 ቀን 1837 ነው፤ የሞት መዝገቡ ዕድሜን፣ ሥራን፣ የሞት ምክንያትንና አስመዝጋቢውን ይይዛል እንጂ የአዋቂ ሰው ወላጆችን ስም አይጠይቅም። የሟቹ የትውልድ ቀንና ቦታ፣ ለባለትዳር ሴት ደግሞ የአባቷ ቤት ስም የተጨመረው በ1969 ነው። ሐኪም የሞቱን ምክንያት ፈርሞ እንዲሰጥ ያስገደደውም የ1874ቱ ሕግ ነው፤ ከዚያ በፊት የተጻፈ የሞት ምክንያት የጎረቤት ግምት ሊሆን ይችላል። ስኮትላንድ በ1855 ስትጀምር ግን ከመጀመሪያው የአባትንም የእናትንም ስም፣ እናትየው ከማግባቷ በፊት የነበራትን ስም ጭምር ጠየቀች። በዚያ በመጀመሪያው ዓመት የትውልድ ቦታና የልጆች ስም ከነዕድሜያቸው ሳይቀር ይጻፍ ነበር፤ ሥራው ስለበዛ በቀጣዩ ዓመት ቀነሱት። በ1855 ስኮትላንድ ውስጥ የሞተ ዘመድ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፤ እንዲህ ስል ለሟቹ ንቀት እንዳይመስልብኝ። በኔዘርላንድስ ከ1811 ጀምሮ ባሉት የሞት መዝገቦች የወላጆች ስም ብዙውን ጊዜ ይገኛል። በፈረንሳይ ምዝገባው በ1792 ከቤተ ክርስቲያን ወደ መንግሥት ዞረ፤ ከዚያ ብዙም ሳይቆይ የፈረንሳይ አብዮት ያመጣው የራሱ የቀን መቁጠሪያ ስለገባ እስከ 1805 መጨረሻ ያሉትን ቀኖች ወደ ተለመደው አቆጣጠር መለወጥ ያስፈልጋል።

አሜሪካ አንድ አገራዊ የሞት መዝገብ የላትም፤ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የየራሱን ይይዛል። ማሳቹሴትስ በ1841 ጀመረች፤ ብዙዎቹ ግን እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዘገዩ። የፌዴራሉ መንግሥት ምዝገባቸው በበቂ ሁኔታ የተሟላ ነው ብሎ የተቀበላቸው ክፍለ ግዛቶች በ1900 አሥር ብቻ ነበሩ፤ በወቅቱ የነበሩት አርባ ስምንቱም የተሟሉት ቴክሳስ በ1933 ስትገባ ነው። ይህ ማለት ከዚያ በፊት በቴክሳስ መዝገብ አልነበረም ማለት አይደለም፤ የጎደለ ሰው ብዙ ነበር ማለት ነው። በእርስዎ ወረቀት ላይ የወላጆች ስም ቦታ ስላለ ከእነዚህ ከሚጠይቁት አገሮች ወደ አንዱ ያመለክታል። «ባዶ»፣ «አይታወቅም» እና «ቅጹ አልጠየቀም» ሦስት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ግን አይርሱ፤ ኢንተርኔት ላይ የሚለቀቁ ዝርዝሮች ሦስቱንም እኩል ባዶ አድርገው ያሳያሉ።

ዝርዝር ካልኩ አይቀር ስለ ማውጫዎች ልናገር። ማውጫ መዝገቡ ያለበትን ቦታ ይጠቁማል፤ መዝገቡን አይተካም። የእንግሊዙ ማውጫ ለረጅም ዘመን የተደራጀው በሩብ ዓመት ነው፤ ያውም በተመዘገበበት ሩብ እንጂ በሞተበት አይደለም። በዲሴምበር 29 የሞተ ሰው በጃንዩወሪ ቢመዘገብ በሚቀጥለው ዓመት ማውጫ ውስጥ ነው የሚገኘው። አንድ ዓመት ብቻ ፈልገው «የለም» የሚሉ ብዙ ናቸው። የአሜሪካው የማኅበራዊ ዋስትና የሞት ማውጫም ሁሉንም ሰው አይይዝም፤ የማኅበራዊ ዋስትና ሕጉ የወጣው በ1935 ሲሆን በማውጫው ካሉት ሞቶች አብዛኞቹ ሥራው ወደ ኮምፒዩተር ከገባበት ከ1962 ወዲህ ያሉ ናቸው። ስለዚህ በ1931 ለሞቱ ሰው አይሆንም። ለታናናሽ ወንድሞችና እህቶቻቸው ግን ሊሆን ይችላል። የፈረንሳይ የስታቲስቲክስ ተቋምም ከ1970 ወዲህ የሞቱትን ሰዎች ፋይል ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ በነፃ ለቅቋል፤ የትውልድ ቀንና ቦታን ስለሚይዝ የቅርብ ዘመን ዘመድን ለማግኘት ጥሩ መነሻ ነው።

የሞቱን ምክንያት በተመለከተ ብዙ አልልም። በድሮ መዝገቦች ፍቲሲስ ሳንባ ነቀርሳ፣ አፖፕሌክሲ ብዙውን ጊዜ በአንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ ወይም መዘጋት፣ ድሮፕሲ የሰውነት በፈሳሽ ማበጥ፣ የብራይት በሽታ የኩላሊት ሕመም ነው። ከምክንያቱ አጠገብ በሌላ ቀለም የተጻፈ ቁጥር ካዩ የስታቲስቲክስ ሠራተኛ ያስገባው የበሽታ መለያ ቁጥር ነው። ይህ የምደባ ሥርዓት በ1893 ፈረንሳዊው ዣክ በርቲዮን ካቀረበው ዝርዝር የመጣ ሲሆን በየአሥር ዓመቱ ገደማ ይከለስ ስለነበር የ1931ን ቁጥር በ1929ኙ ክለሳ ይፍቱት እንጂ በዛሬው አይሞክሩት። ሐኪሙ የማይነበብ ነገር ሲጽፍ ቁጥሩ ያድናል። ከዚህ አልፎ ከአንድ ወረቀት ተነስቶ «በቤተሰባችን የልብ በሽታ አለ» ማለት ግን አይገባም። ድንገተኛ ሞት፣ አደጋ ወይም የመርማሪ ዳኛ ፊርማ ካለበት ደግሞ ሌላ ፋይል አለ ማለት ነው፤ የምርመራው መዝገብና የዚያ ሳምንት ጋዜጣ ከምስክር ወረቀቱ የበለጠ ያወራሉ።

የምትፈልጉት መዝገብ ሲጠፋ (ይህ ለእርስዎም ወንድሞቻቸውን ሲፈልጉ ያጋጥምዎታል) መጀመሪያ የሚኖሩበትን ሳይሆን የሞቱበትን ቦታ ያስቡ። ምዝገባው የሚደረገው ሞቱ በደረሰበት ወረዳ ነው፤ ሆስፒታሉ በሌላ ወረዳ ከሆነ መዝገቡም እዚያ ነው። በባሕር ላይ፣ በውትድርናና በውጭ አገር የሞቱ ዜጎች ብዙ ጊዜ በተለየ ተከታታይ መዝገብ ይያዛሉ፤ የኋለኞቹ የሚገኙት በቆንስላ ሪፖርቶች ውስጥ ነው። «ተቃጥሏል» የሚል መልስ ሲሰጥዎም ቅጂው የት ነበር ብለው ይጠይቁ። በ1922 ደብሊን ውስጥ የአየርላንድ የመንግሥት መዛግብት ቤት ሲቃጠል የሕዝብ ቆጠራዎችና ብዙ የቤተ ክርስቲያን መዝገቦች ጠፉ፤ ከ1864 ጀምሮ ያለው የሞት ምዝገባ ግን በሌላ መሥሪያ ቤት ስለነበር ተረፈ። የፓሪስ ታሪክ በተቃራኒው ነው፤ መዝገቡ በሁለት ቅጂ በሁለት ሕንፃ ይቀመጥ ነበር፤ በ1871 ሁለቱም ሕንፃዎች ተቃጠሉ። ከ1860 በፊት የነበረው ጠፋ፤ ከዚያ በኋላ ሲሶ ያህሉ ቤተሰቦች ከያዟቸው ወረቀቶችና ከሌሎች ሰነዶች እንደገና ተጻፈ። እንዲህ ዓይነት «እንደገና የተጻፈ» መዝገብ ካገኙ ዋናው ሳይሆን በኋላ የተሠራ መሆኑን በማስታወሻዎ ላይ ያስፍሩ።

ፈቃድን በተመለከተ የሞት መዝገብ ከልደት መዝገብ ቀድሞ ይከፈታል፤ ለዚህም ነው ለቤተሰብ ታሪክ ፈላጊ የመጀመሪያው በር የሚሆነው። በኔዘርላንድስ የሞት መዝገብ ከ50 ዓመት በኋላ ክፍት ሲሆን የልደቱ 100 ዓመት ይጠብቃል። ስኮትላንድና አየርላንድም የሞት መዝገብን ምስል ኢንተርኔት ላይ የሚያወጡት ከ50 ዓመት በኋላ ነው። በእንግሊዝ ማንኛውም ሰው የማንንም የሞት ምስክር ወረቀት ከፍሎ ማውጣት ይችላል። በአሜሪካ እንደየክፍለ ግዛቱ ይለያያል፤ ዝምድና ማሳየት የሚጠይቁ አሉ። ከመክፈልዎ በፊት ፋሚሊሰርች በተባለው የቤተሰብ ታሪክ ድረ ገጽ ላይ ይፈልጉ፤ የብዙ አገር መዝገቦችን ምስል በነፃ ያቀርባል። ሁለት ዓይነት ቅጂ ከቀረበልዎ የመዝገቡን ምስል ይምረጡ፤ በታይፕ የተገለበጠው ምስክር ወረቀት ኅዳጉ ላይ የተጻፈውን እርማት ይጥለዋል።

አሁን ቀደም ብዬ ወዳቆየሁት ነገር። ሕፃናት በብዛት በሚሞቱበት ዘመን ወላጆች የሞተውን ልጅ ስም ለቀጣዩ ልጅ መስጠት የተለመደ ነበር፤ በተለይ ስሙ የአያት ከሆነ። በ1856 የተወለደው ልጅ በሕፃንነቱ ሞቶ፣ በ1860 ወይም በ1861 የተወለደው ወንድሙ ያንኑ ስም ይዞ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ አማቻቸው የተናገሩት 70 ትክክል ነው፤ ያገኙት ልደት ደግሞ የታላቅ ወንድማቸው ነው። ስለዚህ አሁን መጀመሪያ የሚፈልጉት ሌላ ልደት ሳይሆን ሌላ ሞት ነው፤ ልደቱ በተመዘገበበት ወረዳ ከማርች 1856 እስከ 1861 ድረስ በዚያ ስም የሞተ ሕፃን። የሕፃን የሞት መዝገብ የአባቱን ስምና ሥራ ብዙውን ጊዜ ስለሚይዝ ለመለየት ከአዋቂ ይቀላል። የመንግሥት ምዝገባ ገና ባልነበረበት ቦታ ከሆነ የቀብር መዝገብ ይህን ሥራ ይሠራል።

ሕፃኑ ሞቶ ከተገኘ የ1856ቱን ልደት ወደ ታላቅ ወንድም ያዛውሩና በ1861 ዙሪያ ሁለት ሁለት ዓመት ወዲህና ወዲያ አድርገው ይፈልጉ። ካልተገኘ ደግሞ የጋብቻ መዝገባቸውን ያውጡ። በጋብቻ ላይ የተናገሩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን አንድ ሁለት ዓመት ሊያሳንሱ ወይም ሊጨምሩ ቢችሉም ከአማቻቸው የተሻለ ምስክር ናቸው፤ በብዙ አገርም የሁለቱ ወላጆች ስም እዚያው ይጻፋል። በልጅነታቸው የተደረገ የሕዝብ ቆጠራ ካለም የአምስት ዓመት ልዩነትን በአንድ ገጽ ይፈታል፤ በአሥር ዓመት ልጅና በአምስት ዓመት ልጅ መካከል ማንም አይሳሳትም።

የእናትየውን ስም ከዚህ ወረቀት አያገኙትም፤ ከወንድሞቻቸውና ከእህቶቻቸው የሞት ወረቀት ግን ሊያገኙት ይችላሉ። የእያንዳንዳቸው አስመዝጋቢ የተለየ ነው፤ አንዷ እኅት ቤት ውስጥ አያትየዋ አብረዋት ኖረው ከሆነ ልጇ ስማቸውን ያውቃል። ሁለት የማይገናኙ አስመዝጋቢዎች አንድ ስም ከሰጡ እኔ እቀበለዋለሁ። ታናሽ ወንድም አሜሪካ ውስጥ ከ1936 በኋላ በሥራ ላይ ከነበረ ደግሞ ለማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር የሞላውን ማመልከቻ ቅጂ ይጠይቁ፤ የወላጆቹን ስም፣ የእናቱን የአባት ቤት ስም ጨምሮ፣ በሕይወት ሳለ ራሱ ነው የሞላው።

ይህ ሁሉ እስኪጠራ ድረስ በሰንጠረዥዎ ላይ የልደት ዘመኑን «1856 ወይም 1861 ገደማ» ብለው ይተዉት፤ ከየቁጥሩ ጎን የተናገረውን ሰውና ዝምድናውን፣ የመዝገቡን ቁጥርና የተመዘገበበትን ቀን ይጻፉ። አንዱን መርጠው ኢንተርኔት ላይ ከለቀቁት ሌሎች ይገለብጡታል፤ ከዓመት በኋላ ራስዎ ሲፈልጉ የራስዎን ግምት በአምስት ሰው ሰንጠረዥ ላይ እንደ ማስረጃ ሆኖ ያገኙታል።